የእናቴ ድምፅ የት ነው ያለው?



ባለፈው የቡሄ ሰሞን ልጄን ይዤ ደብረ ታቦር፣ ታላቅ እህቴ ቤት ነበርኩ። ቡሄ የትም ቢውሉት ቡሄ ነው፤ የበዓሉን ስም በያዘው ከተማ፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት እየዘለቀ፣ ሙልሙሉ እየሸተተ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ማታ የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው፣ ድርሻቸውን ተቀብለውና መርቀው ከሄዱ በኋላ እሳት ከበን ተቀመጥን። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣና «እማ፣ ለእትዬ የአያቴን ድምፅ ላሰማቸው» አለኝ።

እናቴ ካረፈች ሃያ ዓመት አልፏታል። ድምጿ የተቀዳው አንድ ቀን ብቻ ነው። በ1979 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማችን አሰብ ወደብ ይሠራ ነበር። እምዬ ፊደል ስላልቆጠረች ደብዳቤዋን ሁልጊዜ ሰው ነበር የሚጽፍላት። ያን ጊዜ ግን «በራሷ አፍ ትንገረው» ብለን ከጎረቤት ቴፕ ተውሰን በካሴት ቀዳናት። ላሟ መውለዷን፣ ገብሱን ውርጭ እንደመታው፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንደሞተ አንድ በአንድ ነገረችው። መጨረሻ ላይ መረቀችው። ካሴቱ አሰብ ደርሶ፣ ከዓመታት በኋላ ከወንድሜ ጋር ተመልሶ መጣ።

ይህ በአንደኛው ገጽ ያለው ነው። ሁለተኛው ገጽ ሳይታሰብ የተቀዳ ነው። ካሴቱን ገልብጠን መቅጃውን ከተጫንን በኋላ እምዬ «ጨርሻለሁ፣ ምን ልጨምር?» ብላ እንዝርቷን አነሳች። ቴፑን ማጥፋቱን ሁላችንም ረሳነው። ከጎረቤቷ ጋር እያወጋች ስትፈትል፣ በመሐል ስታንጎራጉር፣ ስትስቅ ይሰማል። የእምዬ ሳቅ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የእህታችን ልጅ ሁለቱንም ገጽ ከካሴት ወደ ስልኩ ሚሞሪ ገልብጦ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላከልን። ሁለተኛውን «የረባ ነገር የለበትም» ብለን የጠየቀውም የለ። ልጄ ግን ሙዚቃ በኮምፒውተር ማቀናበር ይወዳልና ሚሞሪውን ተውሶ ሁለቱንም ፋይሎች ወደ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ አስገባቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሹክሹክታውን ሲቀንስ፣ ድምፁን ሲያጎላ ሰነበተና ሚሞሪውን መለሰ። «ሴቭ አድርጌዋለሁ» አለኝ። እኔም አመንኩት፤ እሱም እውነቱን ነበር።

የዚያን ማታ ደብረ ታቦር ላይ ፕሮጀክቱን ሲከፍተው ግን ምንም አልተሰማም። ሳጥኖቹ በስክሪኑ ላይ በየቦታቸው ተደርድረዋል፤ የፋይሎቹ ስምም ተጽፏል፤ የቆረጠበት፣ የቀጠለበት፣ ያጎላበት ሁሉ አለ። ድምፅ የለም። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ማግኘት እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት አወጣ። ለእህታችን ልጅ ስልክ ደወልን። ሚሞሪው ሞልቶበት ካጠፋው ከርሟል።

እህቴ እንዲህ ያለ ነገር ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል። እሳቱን እየቆሰቆሱ «ታዲያ እምዬ የት ሄደች?» አሉ።

ልጄ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። እኔም ልቆጣው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው የደረሰበት። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው። በየቤታችሁ በስልክ፣ በፍላሽ፣ በካሴት የተቀመጠ የአባት፣ የእናት፣ የአያት ድምፅ ይኖራል። ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅም አይጠፋም። ሁለቱ መገናኘታቸው አይቀርምና ቀድማችሁ እወቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ «ፋይል»፣ ቀጥሎም «ኢምፖርት» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ማስገባት ማለት ነው። ፋይሉን በመዳፊት ጎትቶ መጣልም ያው ነው። ድምፁ በሞገድ ሥዕል ሆኖ ሲታይ ሰው «ገባ» ብሎ ያምናል። ነገር ግን ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ድምፁን ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ ድምፁ ያለበትን አድራሻ ብቻ ጽፈው ይይዛሉ። ሰውን ቤት አስገብቶ ማሳደርና የሰውየውን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ኪስ መክተት አንድ አይደሉም። ሰውየው ቤት ከቀየረ ወረቀቱ ምን ይፈይዳል? ልጄ «ሴቭ» ያደረገው አድራሻውን፣ ከአድራሻው ጋርም የሠራውን የመቁረጥና የመቀጠል መመሪያ ነው። ድምፁ ግን ሁልጊዜም የነበረው በተዋሰው ሚሞሪ ላይ ነበር።

ፕሮግራሞቹ ፕሮግራሞች ስለሆኑ አይደለም እንዲህ የሚያደርጉት፤ ምክንያት አላቸው። ድምፅ ከባድ ነው። ባልታመቀው «ዌቭ» በሚባለው ዓይነት፣ በሲዲ ጥራት፣ አንድ ደቂቃ የስቴሪዮ ድምፅ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሙዚቃ የሚሠራ ሰው በአንድ ሥራ ላይ ብዙ ፋይሎችን ያስገባል፤ አንዱን ድምፅ በአሥር ፕሮጀክት ይጠቀምበታል። ሁሉም በየጊዜው ቢገለበጥ ኮምፒውተሩ ይሞላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይጠቁማል እንጂ አይገለብጥም። ለሙያተኛ የተመቸው ነገር ነው እኛን ያስለቀሰን።

መውጫው ግን ቀላል ነው፤ እንደየፕሮግራሙም ይለያል። ኦዳሲቲ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በወጡት እትሞቹ ድምፁን ራሱን በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ለጀማሪ ቤተሰብ እሱን የምመርጠው ለዚህ ነው። ሪፐር የሚጠቀም ልጅ ፕሮጀክቱን «ሴቭ አዝ» ሲያደርግ ድምፆቹ ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ይገልበጡ የሚለውን ምርጫ ምልክት ያድርግበት። ወጣቶቻችን ለሙዚቃ የሚወዱት ኤፍ ኤል ስቱዲዮም «ኤክስፖርት» በሚለው ሥር «ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ» የሚባል አለው፤ ፕሮጀክቱንና ያስገባቸውን ድምፆች በአንድ ጥቅል ያስራቸዋል። የልጃችሁን ፕሮግራም ስም ባታውቁትም አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ፍላሹን ብነቅለው አሁንም ይሰማል?» ከዚያ አስነቅላችሁ ስሙ። ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። በማግስቱ እህቴ ከሣጥናቸው ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ የኖረውን ካሴት አወጡ። እኛ ከተገለበጠ በኋላ የረሳነውን እሳቸው አልጣሉትም። «እናንተ ወደ ስልክ ወሰድነው ስትሉ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ይኼ የእሷ ነው ብዬ ነው» አሉ። ካሴቱ ግን ሲመጣ ጥብጣቡ ተበጥሶ ነበር። ከተማው ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት ዘንድ ወሰድነው። ቀፎውን በአራቱም ማዕዘን ያሉትን ብሎኖች ፈትተው ከፈቱ፤ የተጨማደደውን ቆርጠው ጫፍና ጫፉን በቀጭን ፕላስተር ገጠሙ፤ ጥብጣቡን ደህና ወደሆነ ሌላ ቀፎ አዛወሩት። የተቆረጠው ሦስት ጣት የማይሞላ ነው። ካሴት በሰከንድ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ የጠፋብን ከአንድ ቃል አይበልጥም። ምን ቃል እንደነበረ ግን ከእንግዲህ ማንም አያውቅም።

ከእሳቸው ቴፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ በሽቦ አገናኝተን እንደ አዲስ ገለበጥነው። ልጄ በዚህ ጊዜ ገና ምንም ሳይነካ ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀመጠ፤ በላፕቶፑ፣ በፍላሽና በእኔ ስልክ።

ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ አስገብቶ ሲያሰማን እህቴ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ይቺ ማን ናት?» አሉ።

የእምዬ ቃል ነው፤ የእምዬ ወሬ ነው፤ ድምፁ ግን የልጃገረድ ነው። ቀጭን፣ ጥድፍድፍ የሚል። ልጄ መጀመሪያ ስሕተቱን በፋይሉ ፈለገ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያስገቡ ይፈጠራልና። ድምፅ በኮምፒውተር ሲቀመጥ በየሰከንዱ በብዙ ሺህ ነጥብ ይለካል፤ በሲዲ 44,100 ጊዜ፣ በቪዲዮ ብዙውን ጊዜ 48,000 ጊዜ። በ44,100 የተለካውን በ48,000 ቢያጫውቱት ዘጠኝ በመቶ ያህል ይፈጥናል፤ ድምፁም ይቀጥናል። የዛሬ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ቢሆንም ማየት አይከፋም። አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ያስገባችሁትን ድምፅ ከሙዚቃው ምት ጋር ለማስማማት በራሱ ሊስበው ወይም ሊያሳጥረው ይሞክራል፤ ለሰው ንግግር ይህን አጥፉበት። ልጄ ሁለቱንም ፈተሸ። ጤነኛ ናቸው።

መልሱን የሰጡን ጠጋኙ ናቸው። «ያኔ ቴፑ በምን ነበር የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። መብራት አልነበረንም፤ በባትሪ ድንጋይ ነበር። «ድንጋዩ ደክሟል» አሉ ሳቅ ብለው። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ጥብጣቡ እየተንቀረፈፈ ይቀዳል። በኋላ በደህና ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት የተቀዳው ይፈጥናል፤ ይቀጥናል። እኛ ለአርባ ዓመት የምናውቀው የእምዬ የካሴት ድምፅ የደከመ ድንጋይ ድምፅ ነበር።

ማቀናበሪያው ፕሮግራም ለዚህ መድኃኒት አለው። ልብ በሉ፤ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀንሰውን ሳይሆን ፍጥነቱንና የድምፁን ውፍረት አብሮ የሚለውጠውን ነው መምረጥ። ግን በስንት? ኮምፒውተሩ እምዬን አያውቃትም። ልጄም ሲወለድ እሷ አልነበረችም። እኔ ራሴ ከቤት በልጅነቴ ስለወጣሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ወደ ቤት ተመልሰን እህቴን አጠገቡ አስቀመጥናቸው። አንድ በመቶ ቀነሰ፤ «አይደለችም»። ሁለት፤ «አይደለችም»። አራት ላይ ዝም አሉ። ስድስት ላይ ሲደርስ እምዬ ሳቀች። እህቴ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና «በቃ፣ አትንካት፤ እሷ ናት» አሉ።

እዚያው ተቀምጬ የጋይንት መምህራን ትዝ አሉኝ። እንደምታውቁት በእኛው በደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋስዕት ምስክር ቤት ናቸው። ዜማውን የትም የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ሲሻ ወደዚያ ወጥቶ፣ በመምህሩ ፊት አዚሞ ያስመሰክራል። ዜማው በየአገሩ ይሰማል፣ በመጽሐፍም በምልክት ተጽፏል፤ ጥርጥር ሲነሳ ግን ማነጻጸሪያው ያለበት ቤት ይታወቃል። የቤተሰብ ድምፅም ሁለት ዓይነት ምስክር ያስፈልገዋል። አንዱ ያልተነካው የመጀመሪያ ቅጂ ነው። ሁለተኛው «እሷ ናት» ብሎ ማለት የሚችል ሰው ነው። ልጄ ሲጀምር ሁለቱም አልነበሩትም።

የመጀመሪያውን ቅጂ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከታሪክም አንድ ልጨምር። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀድታ ላከች፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዛ ስለነበር ድምጿ ጠፋ። ንጉሡና እቴጌይቱ በፎኖግራፍ የመለሱት ቃል ግን ተጠብቆ ቆየ። ዛሬ የምኒልክንና የጣይቱን ድምፅ በየስልካችን የምንሰማው አንድ ሰው ያንን የመጀመሪያ ቅጂ ስላልጣለው ነው። ኮምፒውተር ሳይታሰብ የተቀዳ ነገር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ የቻለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በየቤታችሁ እንድታደርጉት የምመክረው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ድምፁ በማንም ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት ኮፒ ይደረግ። የመጀመሪያው ፋይል ለብቻው ፎልደር ይሠራለት፤ ማንም አይቆርጠው፣ አያጎላው። ልጁ የሚሠራው በኮፒው ነው። ሁለት የተለያየ ቦታ መቀመጡንም አረጋግጡ። ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ በዌቭ ጥራት ከ20 በላይ የ60 ደቂቃ ካሴቶችን ይይዛልና ቦታ የለም አትበሉ።

ሁለተኛ፣ ለፋይሉ ስም ስጡት። «ድምፅ 003» የሚል ፋይል ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም አይከፍተውም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረ ጻፉበት። ይህ የልጆች ሥራ አይደለም፤ የእናንተ ነው። እነሱ ፕሮግራሙን ያውቃሉ፤ በስተኋላ የሚያወጋው ጎረቤት ማን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ስትላላኩ ፋይሉን ራሱን ላኩ። ስልክ ከስፒከር ፊት ደቅኖ እንደገና መቅዳት ድምፁን ያደክመዋል። ወደ «ኤም ፒ ስሪ» የተቀየረም ለማድመጥ ደህና ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ግን ከድምፁ የተወሰነው ተጥሏልና ለማስቀመጫ አይሁን።

አራተኛ፣ ፕሮጀክትን ከድምፅ ለዩ። ሥራው ሲያልቅ «ኤክስፖርት» አድርጎ አንድ ራሱን የቻለ፣ በማንኛውም ስልክ የሚከፈት ፋይል ያውጣላችሁ። ፕሮጀክት ያለ ፕሮግራሙ አይከፈትም፤ ፕሮግራም ደግሞ ይለወጣል።

አምስተኛው ትንሽ ከበድ ይላል። ልጄ የእምዬን እንጉርጉሮ ከአንድ ሙዚቃው መሐል አስገብቶ ለጓደኞቹ ሊለቀው አስቦ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እህቴ ግን እስከ መጨረሻው ካደመጡ በኋላ «እንጉርጉሮዋን ውሰድ፤ ወሬዋን ግን ተወው» አሉት። እምዬ ከጎረቤቷ ጋር ስታወጋ የሰው ስም እያነሳች፣ የሰው ቤት ጉዳይ እየነካካች ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬም በሰፈሩ አሉ። እሷ ስትናገር ቴፑ መክፈቱን አላወቀችም። ልጄ «እሺ» ብሎ ሌላ ሰው የሚሰማውን ለብቻ ቆረጠ፤ ሙሉው የቤተሰብ ሆኖ ተቀመጠ። ድምፅ ከማውጣታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው የሚያደምጥ ትልቅ ሰው ይኑር።

ከደብረ ታቦር ስንወጣ ካሴቱን ልውሰደው ብዬ እህቴን ጠየቅኋቸው። «ሦስት ቦታ አለ አላላችሁም? አራተኛው እዚሁ ይደር» ብለው በዚያው ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ መለሱት። ልጄም አልተከራከረም። መኪና ውስጥ ፍላሹን ከላፕቶፑ ነቀለና የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። እንዝርቱ ሲሽከረከር ይሰማል። እምዬ ትስቃለች።

በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ወይም ከልጅ ልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ ድምፅ ብቻ ፈልጉ። የት እንዳለ እወቁ፤ ስም ስጡት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።